አፈር ስሆንልህ

እናቴ ስትለማመጥ «አፈር ስሆንልህ» ትላለች። «አፈር ስሆንልህ፣ ይቺን ጉርሻ ብቻ!» «አፈር ስሆንልህ፣ ሳይመሽ ግባ!» መቼም እዚህ አገር አድጎ ይሄን ሳይሰማ የኖረ ያለ አይመስለኝም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሰማው ኖሬ አንድም ቀን ስለ አፈር አስቤ አላውቅም። አፈር ደግሞ ምኑ ይታሰባል? አፈር አፈር ነው። የጠላነውን «አፈር ብላ» እንለዋለን፣ ለሞተው «አፈሩን ያቅልልለት» እንላለን፣ ሥራ ያበላሸውን «አፈር ድሜ አበላው» እንላለን፤ አለቀ።

ቤት ሠርቼ ስገባ ነው ጉዱ የተገለጠልኝ። ለካ አፈርም ያልቃል። ለካ አፈርም ይሸጣል፣ ይጣላል፣ ይሞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የማኅበር ቤት ነው፤ ቱሉ ዲምቱን አለፍ ብሎ። ስንት ዓመት እቁብ ጥለን፣ ስንት ዘመድ አስቸግረን፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ገባን። ስለ ግንባታው አላወራችሁም (ከጀመርኩ ይሄ ገጽ አይበቃኝም)። የዛሬው ጉዳይ ደጁ ነው። ከቤቱና ከአጥሩ መሀል 40 ካሬ የምትሆን ባዶ ቦታ ተርፋለች። ለእኔ የመኪና ማቆሚያ ነበረች፤ መኪናው ግን የለም። ለእናቴ ጓሮ ነች።

እናቴ የመጣችው ከካሳንቺስ ነው። የቀበሌ ቤታችን ጀርባ ከአልጋ ስፋት የማትበልጥ ቁራሽ መሬት ነበረች። እዚያች ላይ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ በሶብላ፣ ትንሽ ጎመን አይጠፋም ነበር። የቡና አተላ እዚያ ይደፋል፣ የሽንኩርት ልጣጭ እዚያ ይጣላል። አርባ ዓመት ሙሉ! ዱላ ብትተክሉ የሚበቅልበት አፈር ነበር። ስንለቅ ታዲያ ከአልጋና ከቁም ሳጥን በፊት የጫነችው በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተከለቻቸውን ችግኞች ነው። ከጎረቤትም አንድ የሎሚ ችግኝ ተሰጥቷት ነበር።

በገባን በሳምንቱ ሁሉንም መሬት አወረደቻቸው። አንዲት የጤና አዳም ቆርቆሮ ብቻ በረንዳ ላይ አስቀረች። «ይቺ ለክፉ ቀን» አለች። እኔ ሳቅኩ።

ክፉው ቀን ለመምጣት ወር አልፈጀበትም። ጤና አዳሙ ጠዋት ማታ ውሃ እየጠጣ ጠወለገ፤ ሲነቀል ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ዳማ ከሴው እንዳለ ቀረ፤ አያድግ፣ አይሞት። ሎሚው ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ሥሮች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። እናቴ ብዙ አልተናገረችም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ «ልጄ፣ እዚህ አፈር የለም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ መውጣት ቀነሰች። ቲቪ ማየት አበዛች። እናቴን የምታውቁ ብትሆኑ ይሄ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ይገባችኋል። ቤት ሠራሁላት ብዬ ያወራሁት ሁሉ አፈር ድሜ ሲበላ ታየኝ።

እኔም እንግዲህ የተማርኩ ነኝና ችግሩን ለመፍታት ተነሣሁ። ግንቦት ላይ አንድ ገልባጭ መኪና ሙሉ ጥቁር አፈር ገዛሁ። አስደፋሁት፣ አስተካከልኩት፣ ጎመንና ቆስጣ ዘራሁ። ችግኙ ብቅ ሲል ደግሞ ቶሎ ይደግ ብዬ ዩሪያ በእፍኝ በተንኩበት። ሰኔ ገባ። ሐምሌ ገባ። ጓሮዬ የዳክዬ ገንዳ ሆነ! ዩሪያው ያላቃጠለውን ውሃው አሰመጠው። የሥራ ባልደረባዬ «አሸዋ ጨምርበት፣ ውሃውን ያሳልፈዋል» አለኝ። ጨመርኩ። ዝናቡ ሲያቆም ጭቃውና አሸዋው ተስማምተው ሸክላ ጡብ ሆኑ። ዶማ ስሰነዝርበት የሚነዝረኝ ክርኔን ነበር።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ።

አባባ ከእኛ ፊት ለፊት ያላለቀ ቤት የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም። ክረምቱን ሙሉ ሥራዬን በዝምታ ሲያዩ ነበር። መስከረም ላይ፣ ጡቡን ስቀጠቅጥ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡና «ልጄ፣ የምታጠጣው መሬቱን ነው ወይስ ቤቱን?» አሉኝ። አልገባኝም። ዶማውን ተቀበሉኝና ጥግ ላይ ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ቆፈሩ። ላዩ እኔ የገዛሁት ጥቁር አፈር። ከሥሩ ነጣ ያለ፣ እንደ ብስኩት የሚሰበር የሲሚንቶ ቅርፊት። ከዚያ ሥር ገረጋንቲ፤ የተደለደለ፣ የተጠቀጠቀ፣ ዶማ የማይበላው። ባልዲ ውሃ ደፉበት። ቡና አፍልተን ጠጥተን ስንመለስ ውሃው እዚያው ነው።

«አየህ? ሳህን ላይ ነው የዘራኸው» አሉ።

በኋላ አንብቤም ጠይቄም የገባኝን ላካፍላችሁ። አዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ ላይ ያለው አፈር አብዛኛው መረሬ ነው፤ አባባ ኮቲቻ ይሉታል። አገራችን ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል ይባላል። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ ግንበኛ እንደ ጠላት ያየዋል፤ ቤት ያነቃነቃል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጠርገው ያወጡትና በምትኩ ገረጋንቲ ሞልተው ይጠቀጥቁታል። ልክ ናቸው። ቤቱ እንዳይሰነጠቅ የግድ ነው። ችግሩ ቤቱ የሚጠላው አፈር ጤፍ የሚወደው አፈር መሆኑ ነው። ገረጋንቲ ለመሠረት እንጂ ለሥር አልተፈጠረም፤ ሲጠቀጠቅ አየር ያጣል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ በውስጡም ሕይወት ያለው ነገር የለም። ያውም እኮ የሚጠራረገው ለመሠረቱ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ማሽኑ ከመጣ ግቢው ሁሉ አብሮ ይጠረጋል።

ሁለተኛው ጥፋት ሲሚንቶው ነው። ግንበኞች የሚያቦኩት፣ ባልዲያቸውን የሚያጥቡት፣ የተረፈውን የሚደፉት እዚያው ደጅ ላይ ነው። የሲሚንቶ እጣቢ ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ፒኤቹ 12 ድረስ ይደርሳል። አብዛኛው የጓሮ አትክልት የሚስማማው ከ6 እስከ 7 ባለው ነው። ከዚያ በጣም ከፍ ሲል ብረት አፈር ውስጥ እያለ እንኳ ተክሉ ሊወስደው አይችልም። የሎሚያችን ቢጫነት የመጣው ከዚህ ነው። ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ከግድግዳው ሥር እፍኝ አፈር ወስዳችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ቢንፈቀፈቅ የሲሚንቶ ወይም የኖራ ነገር አለበት ማለት ነው። የእኛ እንደ አምቦ ውሃ ነው የተንፈቀፈቀው።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን (ሳቅ ከተባለ) ሌላ ነው። ማታ የግንባታ ደረሰኞቼን ሳገላብጥ «የቁፋሮ አፈር ማስወገጃ፣ 11 ቢያጆ» የሚል አገኘሁ። 11 መኪና አፈር ከፍዬ አስጥያለሁ። ከዚያ ደግሞ ከፍዬ አንድ መኪና ገዛሁ። የገዛሁትም ከሌላ ሰው መሠረት የወጣ መረሬ ነው። ምናልባት የራሴ ይሆን? ማን ያውቃል!

ይሄን ለአባባ ስነግራቸው አልሳቁም። ትንሽ ዝም ብለው በዱላቸው ወደ እኛ በር አመለከቱና «እዚህ ጤፍ ነበር» አሉ። «ነጭ ጤፍ። እዚያ ምሰሶው ጋ ድንበራችን ነበር።»

ወዳጆቼ፣ ምን እንደምል አጣሁ። መሬቱ የማን እንደነበር ጠይቄ አላውቅም ነበር። ካርታ ስቀበል ባዶ መስሎኝ ነው። ካሣ ተሰጥቷቸው እንደሁ ጠየቅኳቸው፤ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ። «ተሰጠን» አሉ፤ «ቤት ሠራን፣ ልጆች ተካፈሉ፣ አለቀ። ገንዘብ አይዘራም።» በዚያን ጊዜ ሲሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለገበሬ የመፈናቀያ ካሣ የሚያሰላው ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር አባዝቶ ነበር (ኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል)። የአሥር ዓመት ምርት ማለት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር በተፈጥሮ ለመሠራት ግን መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። እኔ 11 ቢያጆውን በሁለት ቀን አስጠርጌዋለሁ።

ይሄን የማወራችሁ ቤት አይሠራ ለማለት አይደለም። እኔ ራሴ በኪራይ ቤት የተንገላታሁ ነኝ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ 40 ካሬ ለእኔ የእናቴ ጓሮ ብቻ መሆኗ ቀረ። አበላሽቼ የያዝኩት የሰው ዕቃ መሰለችኝ።

«ይድናል ወይ?» አልኳቸው።

«መሬት ይራባል። ከተራበ ደግሞ ማብላት ነው» አሉኝ።

ማብላቱ እንዲህ ሆነ።

መጀመሪያ ለቀማ። የሲሚንቶ ቅርፊቱን፣ ብሎኬት ስባሪውን፣ ሚስማሩን፣ ፌስታሉን ለቅመን 9 ማዳበሪያ ሞላን (ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው፤ አማርኛችን አፈር ማዳበሩን ትቶ ለጆንያው ስሙን ሰጥቶት የለ?)። ሲሚንቶ ሲቦካበት የነበረውን ጥግ አንድ ስንዝር ያህል ጠርገን አወጣነው። እሱን በማዳን ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም ብለዋል አባባ።

ቀጥሎ ቁፋሮ። መረሬ የሚነካበት ቀን አለው። ክረምት ላይ ዶማው ላይ ይለጠፋል፣ በጋ ላይ ድንጋይ ነው። ዝናቡ አቁሞ እርጥበቱ ጎደል ሲል፣ ጥቅምት ላይ፣ ጨብጣችሁ ስትለቁት የሚፈረፈር ከሆነ ያኔ ነው። በዶማና በዲጂኖ ገረጋንቲውን ግማሽ ሜትር ድረስ እየሰነጠቅን ሄድን፤ ከቤቱ መሠረት ግን ራቅ ብለን። አላወጣነውም፤ ውሃና ሥር መሹለኪያ እንዲያገኙ ብቻ ነው። አራት ቅዳሜ ፈጀ። እጄ ውሃ ቋጠረ። አባባ «ኮምፒዩተር ላይ ስታድግ እንዲህ ነው» እያሉ ያበሽቁኛል።

ከዚያ መደብ። ሜትር ስፋት፣ ከስንዝር ከፍ ያለ፣ መሀል ለመሀል ቦይ ያለው፤ ቦዩም ወደ መንገዱ ዲች የሚወርድ። ይሄ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች መረሬያቸው ላይ በእጃቸው መደብና ቦይ እየሠሩ ውሃውን አስወጥተው ስንዴ ያመርታሉ። መረሬን የሚገድለው ድርቀት ብቻ አይደለም፤ ሥሩ የሚተነፍስበት ማጣቱም ነው። የእናቴን ጤና አዳም የገደለውም ጥማት ሳይሆን በየቀኑ የምታጠጣው ውሃ ነበር። (ይሄን እስካሁን አልነገርኳትም። እናንተም እንዳትነግሩብኝ።)

ከሁሉ በላይ ግን ምግቡ። ኮምፖስት ለመሥራት የሚያስፈልገው የሚረጥብና የሚደርቅ ነገር ነው። የሚረጥበው የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እበት፤ የሚደርቀው ጭድና የረገፈ ቅጠል። በመጠን አንድ እጅ እርጥብ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ። እርጥቡ ከበዛ ይሸታል፣ ደረቁ ከበዛ አይበስልም። ክምሩ ሜትር በሜትር ከሆነና በደንብ ከተደባለቀ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል። እጄን ከትቼ ደንግጬ አውጥቻለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ማገላበጥ፣ እንደተጨመቀ ስፖንጅ እርጥብ አድርጎ መያዝ፤ በቃ። በጥቅምት የጀመርነው በየካቲት ጠቁሮ፣ ተፈረፍሮ፣ ዝናብ የነካው ጫካ ሸተተ።

አባባ ሁለት ነገር ከለከሉኝ። አንደኛው የባሕር ዛፍ ቅጠል፤ «ቶሎ አይበሰብስም፣ ሌላውንም አያሳድግም»። ሁለተኛው አመድ ነው። እናቴ ካሳንቺስ ላይ አመድ ትደፋ ስለነበር ልታመጣ ስትል አይሆንም አሉ። ትክክል ናቸው፤ አመድ ራሱ አልካሊ ነው። ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዳለው ቀይ፣ ኮምጣጣ አፈር ቢሆን ያድነው ነበር፤ እዚያ ገበሬው ኖራ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ሲሚንቶ የጠጣ አፈር ላይ ግን ቁስል ላይ ሚጥሚጣ ነው። አንዱን ያዳነ መድኃኒት ሌላውን ይገድላል።

እበቱን ያመጡልን አባባ ናቸው። ቤታቸው ሁለት ላም ቀርታለች። ባለቤታቸው ኩበት ጠፍጥፈው የሚያነዱት ነበር። አስቡት፤ ስንት አገር እበቱን ያነዳል፣ መሬቱ ይራባል፣ ከዚያ ማዳበሪያ ከውጭ ይገዛል። እኔ የኩበቱን ዋጋ በከሰል ለወጥኩ። በጭቅጭቅ ነው የተቀበሉኝ።

በ2015 ክረምት መደቡ ላይ ባቄላ ዘራን። ለመብላት አይደለም፤ ለመሬቱ። የባቄላ ሥር ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ። አንዱን ነቅላችሁ እብጠቱን ስትሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። አበባ ሲያወጣ አጭደን እዚያው አለበስነው፤ ሥሩን አልነቀልንም። እናቴ «እሸቱ ሳይደርስ!» ብላ አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች።

በመስከረም ወሩ መደቡን ገለጥ ስታደርግ ጮኸች። እባብ መስሎኝ ሮጥኩ። የመሬት ትል ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ዳርዊን እንኳ በ1881 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ስለ መሬት ትል ነበር፤ ያንን ሁሉ የዓለም ፍጥረት ዞሮ አይቶ መጨረሻ ላይ ትል ጋ ተቀመጠ። ያን ቀን ገባኝ ለምን እንደሆነ። ከየት መጡ? ከእበቱ ይሁን ከሜዳው አላውቅም። ቤት አግኝተው ነው የገቡት።

እናቴ ምንም ሳትል በረንዳ ላይ የነበረችውን የክፉ ቀን ቆርቆሮ አመጣች። ቆርቆሮዋ ዝጋ ቂጧ ወድቋል። ጤና አዳሟን ከነካሳንቺስ አፈሯ መደቡ ላይ አስቀመጠቻት።

በዓመቱ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ካሳንቺስ ፈረሰ። ሰፈራችን፣ የቀበሌ ቤታችን፣ ያቺ አልጋ የምታህል ቁራሽ ጭምር። እናቴን ወስጄ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ስንደርስ ማሽኑ እየሠራ ነው። የማውቀው በር የለም፣ የማውቀው ግንብ የለም፤ የተገለበጠ አፈር ብቻ። ጥቁር ነበር። «የቡና አተላዬን ይዘውት ሄዱ» አለች። ስትስቅ ነው የተናገረችው፤ ታክሲ ውስጥ ግን እስከ ቃሊቲ አላወራችኝም።

ቤት ስንገባ ቀጥታ ጓሮ ሄደች። ጤና አዳሙ ጉልበቷ ደርሶ ነበር። ከካሳንቺስ የቀረው አፈር ሥሩ ላይ ያለው ያቺ ቆርቆሮ ሙሉ ብቻ ነው፤ እሱም ከአባባ እበትና ከሰው መሠረት ከወጣው መረሬ ጋር ተደባልቆ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

ያን ቀን ማታ አባባን ቡና ጠራቻቸው። ጤና አዳም ጣል አድርጋ ሰጠቻቸው። ሲጨርሱ ደግሞ አንድ ዘለላ ሥር ያወጣ ለይታ በአዲስ ቆርቆሮ ተክላ «ወንድሜ፣ ለባለቤትህ ውሰድላት። የአንተም አፈር አለበት» አለቻቸው። አባባ ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩ። አፈሩን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱ። «እንደ ድሮው አይደለም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ግን አፈር ነው» አሉ።

እኔም ለእናንተ የምላችሁ ይሄንኑ ነው። እንደ ድሮው አላደረግነውም፤ በሦስት ዓመትም በሠላሳ ዓመትም አይሆንም። ለአባባ ያለብኝን ዕዳ በጎመን አልከፍለውም፤ ግማሹ መደብ የእሳቸው ቢሆንም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጥፈው ቢወስዱም። ግን ቤት የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት የላዩን ሁለት ስንዝር አፈር ለብቻው አስገፍታችሁ ጥግ ላይ አስከምሩት፤ በሸራም ሸፍኑት። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ግንበኛው ሲሚንቶውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲያቦካ፣ እጣቢውንም እዚያው እንዲደፋ ንገሩት። ከዚያም፣ ከተቻለ፣ ሰፈሩ ውስጥ ያሉትን ሽማግሌ እዚህ ምን ይዘራ እንደነበር ጠይቋቸው። እኔ ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት።

አፈር ስሆንላችሁ።